እናትህን ወደ ከተማ ስታመጣ

አንባቢዬ ሆይ፤ የዚህ ሳምንት ጽሑፌ መነሻ አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ገና ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ ወጣት ነው። ስሙን ለራሴ አስቀርቼ ነገሩን ብቻ ላካፍልህ ወደድሁ፤ የእርሱ ጭንቀት ዛሬ የእርሱ ቢሆን ነገ ያንተ መሆኑ አይቀርምና። «አንተ» እያልሁ ብጽፍም ቃሌ ለእኅቶቼም ነው፤ እንዲያውም ወላጅን በመጦር ነገር ሴት ልጅ ከወንድ ልጅ የበለጠ ሸክም እንደምትሸከም ሁላችንም እናውቃለን።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ካረፉ በኋላ እናቴን ከገጠር አምጥቼ ከእኔ ጋራ ማኖር ከጀመርሁ ስምንት ወር ሆነ። የምንኖረው በኪራይ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ አንድ መኝታ ብቻ ስላለው መኝታ ክፍሉን ለእናቴ ለቅቀን እኔና ባለቤቴ ሳሎን እንተኛለን። አልጋቸው አዲስ ነው፤ ብርድ ልብሳቸው ወፍራም ነው፤ ቴሌቪዥንም አለ። ምግብ በሰዓቱ ይቀርብላቸዋል። ባለቤቴም ክፉ ቃል ተናግራቸው አታውቅም። ነገር ግን እናቴ ከቀን ወደ ቀን እየከሱ ሄዱ። እንጀራውን ቆርሰው ይተዉታል። ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። ሐኪም ቤት ወስጄ ባስመረምራቸው ‹ለዕድሜያቸው ደኅና ናቸው› ተባልሁ። ባለፈው እሑድ ‹እናቴ፣ ምን ጎደለብዎት?› ብዬ ብጠይቃቸው ‹ምንም አልጎደለብኝም፣ ልጄ፤ የጎደልሁትስ እኔ ነኝ› አሉኝ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ በሥራዬ ላይ ልቤ አልረጋ አለ። ምን ላድርግ?»

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «የጎደልሁትስ እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ከእኔም ቤት በሌላ መልክ ሲነገር ሰምቼው ነበርና ቶሎ መልስ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ያንን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

በመጀመሪያ ግን ይህን ወጣት እንመስክርለት። የራሱን አልጋ ለእናቱ ለቆ ወለል ላይ የሚተኛ ልጅ ምን ጥፋት አለበት? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ቀለብ ሲባልም እህል ብቻ ማለት አይደለም፤ መኖሪያ፣ ልብስና የጤና አጠባበቅ ጭምር ነው። ወዳጃችን ይህን ሁሉ ሳይጎድል ፈጽሞአል። ዳኛ ፊት ቢቀርብ ነፃ ነው፤ ከሳሽም የለውም። እናቱ ግን ይከሳሉ። እንግዲህ ሕግ ሊያዝዘው የማይችል፣ ገንዘብም የማይገዛው አንድ ነገር በመካከሉ ጠፍቶአል ማለት ነው። ቻይናዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከወላጆቻቸው ተለይተው የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን ደጋግመው እንዲጠይቁ በሕግ አዝዘዋል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕግ የልጁን እግር እስከ ደጃፍ ያደርሰዋል እንጂ ከገባ በኋላ ምን እንደሚያወራ አይነግረውም።

የጠፋውን ነገር ለማግኘት ከአሁኑ ቤት ሳይሆን ከቀድሞው ቤት ፍለጋውን እንጀምር። እኒህ እናት በአገራቸው ሳሉ ቀናቸው እንዴት ነበር? ዶሮ ሲጮህ ይነሣሉ። ደጃፋቸውን ይጠርጋሉ፤ ለዶሮዎች ጥሬ ይበትናሉ። የጎረቤት ልጅ እሳት ልትጭር ትመጣና «እማማ፣ እናቴ እንደምን አደሩ ብላለች» ትላለች። ከሁለት ቤት ወዲያ አራስ አለች፤ ገንፎው እንዴት እንደሚሆን የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው። ቡና ሲፈላ አቦሉ በአንዱ ቤት፣ ቶናውና በረካው ከወሬው ጋራ እየረዘመ ይጠጣል። ባልና ሚስት ተጣልተው እንደሆነ ሚስቲቱ እየመጣች የምታለቅሰው በእርሳቸው ጉልበት ላይ ነው። በወሩ ውስጥ ማኅበር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ። ጠላው ሲጠመቅ ጌሾው በዛ ወይስ አነሰ የሚለውን ቀምሰው የሚፈርዱ እርሳቸው ናቸው። ምናልባት ጎጆአቸው ያፈስስ ይሆናል፤ ምናልባት ሽሮ ብቻ በልተው ያድሩ ይሆናል። ነገር ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ አምስትና ስድስት ሰው «ይህ ነገር እንዴት ቢሆን ይሻላል?» ብሎ ጠይቆአቸዋል።

አሁን ደግሞ ወደ አራተኛው ፎቅ እንውጣ። በአዲስ አበባ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች አብዛኛዎቹ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። አንተ ያን ደረጃ እየዘለልህ ትወርደዋለህ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው የሰባ ዓመት ሰው ግን ደረጃው ደረጃ መሆኑ ቀርቶ አጥር ይሆናል። ልጅ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ታክሲና አውቶቡስ ሊሻማ ይወጣል፤ ሲመሽ ደክሞ ይመለሳል፤ እራቱን በልቶ ስልኩን ይመለከታል። ጎረቤት አለ፤ ግን በሩ ዝግ ነው። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ይናገራል፤ ነገር ግን ማንንም አይጠይቅም። ሽንኩርት ልላጥ ቢሉ «ኧረ ይተዉ እማማ፣ ይረፉ» ይባላሉ። ልብስ ልጠብ ቢሉ «ማሽን አለ፣ ይረፉ» ይባላሉ። ልጅ ልዘል ቢሉ «ይከብድዎታል፣ ይረፉ» ይባላሉ።

አንባቢዬ ሆይ፤ «ማረፍ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ትርጉም እንዳለው አትዘንጋ። ወዳጃችንም ደብዳቤውን ሲጀምር «አባቴ ካረፉ በኋላ» ብሎአል። በቀን አሥር ጊዜ «ይረፉ» የሚባል ሽማግሌ ከሁለቱ ትርጉሞች የትኛውን እንደሚሰማ ማን ያውቃል?

ከዚህ ላይ የራሴን ነገር ልንገርህ። እኔም አባቴን ከባላገር አምጥቼ ነበር። ከመምጣታቸው በፊት አልጠየቅኋቸውም፤ ወሰንሁላቸው እንጂ። በሬዎቹን አሸጥሁ፤ ጎጆውን ለዘመድ ሰጠሁ፤ «ከእንግዲህ ድካም ይበቃዎታል» አልሁ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ አባቴ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ነግሬአቸው ሳልጨርስ ማታ ደግመው ይጠይቃሉ። የመርሳት በሽታ ጀመራቸው ብለን ደነገጥን፤ በቤት ውስጥም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስለ እርሳቸው መነጋገር ጀመርን። ይህም ሌላ ጥፋት ነበር፤ ሽማግሌ ሰው ስለ ራሱ በሹክሹክታ ሲወራ ቶሎ ይገባዋልና።

ከምድር ቤቱ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ነበሩ። አንድ ቀን አባቴን በደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኙአቸውና ወሬ ጀመሩ። በማግስቱ ቡና ጠሯቸው። በወሩ በ12 ቀን ደግሞ የሚካኤል ማኅበራቸው ዘንድ ይዘዋቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግርህ አታምነኝ ይሆናል። አባቴ ቀኑን መጠየቅ ተዉ፤ ይልቁንም ለእኛ ይነግሩን ጀመር። «ነገ አቦ ነው»፣ «ከነገ በስቲያ ሥላሴ ነው፣ የእነ እገሌ ተራ ነው» ይሉን ነበር። ለካ አባቴ ቀኑን አልረሱትም ኖሮአል። በእኔ ቤት ውስጥ አንዱ ቀን ከሌላው ቀን የሚለይበት ምልክት ስላልነበረ ነው። ያልፈጠረባቸውን በሽታ ፈርቼ፣ በእውነት የጎዳቸውን ነገር ሳላይ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያንን ዓመት መልሼ ልሰጣቸው አልቻልሁም።

ይህ የእኔና የወዳጃችን ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ አንድ የታወቀ ምርመራ ላንሣልህ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ኮኔቲከት በምትባለው የአሜሪካ ክፍለ ሀገር በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ምርመራ አደረጉ። በአንዱ ፎቅ ለሚኖሩት አረጋውያን የቤቱ ኃላፊ እንዲህ ተብሎ እንዲነግራቸው ተደረገ፦ የክፍላችሁን ዕቃ እንደምትፈልጉት አሰናዱ፤ ቅሬታ ካላችሁ ተናገሩ፤ ከእነዚህ አበቦች ደስ ያላችሁን መርጣችሁ ራሳችሁ ተንከባከቡት፤ ፊልም ማየት ከፈለጋችሁም ከሁለቱ ምሽቶች የትኛውን እንደምትወዱ ምረጡ። በሌላው ፎቅ ለሚኖሩት ደግሞ ሠራተኞቹ ሁሉን ነገር እንደሚያደርጉላቸው በትሕትና ተነገራቸው። አበባው ለእነርሱም ተሰጣቸው፤ ነገር ግን ውሃ የምታጠጣው ነርሷ ናት። ፊልሙንም አዩ፤ ግን የሚያዩበትን ምሽት ሌላ ሰው ወሰነላቸው።

ልብ በል፤ ምግቡ አንድ ነው፣ ሕክምናው አንድ ነው፣ አበባው እንኳ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚያዝዘው ማን ነው የሚለው ብቻ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሳቸው የሚወስኑት አረጋውያን የበለጠ ደስተኞችና የበለጠ ንቁዎች ሆነው ተገኙ። ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ ሊቃውንቱ ተመልሰው ሲቆጥሩ ከመጀመሪያዎቹ 47 ሰዎች መካከል የሞቱት 7 ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ 44 መካከል ግን 13 ሞተው ነበር። በእርግጥ የተመረመሩት ሰዎች ቁጥር ትንሽ ስለሆነ በዚህ ብቻ ተነሥቶ «አበባ ማጠጣት ዕድሜ ያስረዝማል» ብሎ መደምደም አይገባም። ሆኖም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. 148 ጥናቶችን፣ ከ300,000 የሚበልጡ ሰዎችንም ሰብስቦ የመዘነ ሌላ ሥራ ከሰው ጋራ ጠንካራ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቶአል። አያቶቻችን ያለ ምንም ቁጥር «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ብለው የተናገሩት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ለወዳጃችን የምሰጠው መልስ በአጭሩ ይህ ነው፦ እናትህን ስታመጣ አካላቸውን ብቻ እንጂ ሥራቸውን፣ ወዳጆቻቸውንና ፈቃዳቸውን አላመጣህም። አልጋ ሰጠሃቸው፤ ቦታ ግን አልሰጠሃቸውም። ይህን ለማቃናት ደግሞ አልዘገየም። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልናገር።

አንደኛው ነገር መጠየቅ ነው። ገና ወላጁን ያላመጣህ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ብትሆን ይህን ምክር በተለይ ያዝልኝ። ወንድሞችና እኅቶች ተሰብስባችሁ «እናታችንን ማን ይውሰዳቸው?» እያላችሁ ስትመክሩ እናታችሁ ሌላ ክፍል ተቀምጠው አይጠብቁ። ስለ እርሳቸው ሲመከር እርሳቸው በሸንጎው መካከል ይቀመጡ፤ መጀመሪያም እርሳቸው ይናገሩ። ምናልባት መምጣት አይፈልጉ ይሆናል። ያን ጊዜ ለከተማ ኑሮአቸው ታወጣው የነበረውን ገንዘብ በአገራቸው ልታውለው ትችላለህ። ጣራውን አድስ፤ አብራቸው የምታድር የዘመድ ልጅ ፈልግና የትምህርቷን ወጪ ቻል፤ ወንድሞችህ በየወሩ የሚያዋጡትን ቁርጥ አድርጋችሁ ወስኑ። መምጣት ቢፈልጉም በመጀመሪያ ለሁለትና ለሦስት ወር እንደ እንግዳ ይምጡና ይዩት። ከሁሉ በላይ ግን እኔ የሠራሁትን ስሕተት አትሥራ፤ ቤታቸውን ለመዝጋት፣ ላማቸውንም ለመሸጥ አትቸኩል። መመለሻ ያለው ሰው መቆየት አይከብደውም። መመለሻ የሌለው ሰው ግን የተቀመጠበት ወንበር እንኳ ይቆረቁረዋል።

ሁለተኛው ነገር ቤቱ ነው። የምትከራየውን ቤት የመምረጥ ዕድል ካለህ የምድር ቤት ፈልግ፤ ሳሎኑ ቢጠብም ግድ የለም። የምድር ቤት ለሽማግሌ ሰው ግማሽ መንደር ነው፤ በሩ ላይ ተቀምጦ ወጪ ወራጁን ሰላም ይላልና። ይህ ካልሆነ ከጎረቤቶችህ ጋራ ተስማምተህ በየደረጃው መታጠፊያ አንድ አንድ በርጩማ አስቀምጥ፤ አራት ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ለማይወጣ ሰው በአራት ትንፋሽ ይወጣልና። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ የሚያዩበት ትንሽ መብራት ይብራ፤ የሚያንሸራትተውን ምንጣፍ አንሣ፤ ከመታጠቢያው አጠገብ የሚይዙት ብረት አስመታ። በእርጅና ዘመን አንድ ጊዜ ወድቆ ዳሌን መሰበር የሰውን ኑሮ ፈጽሞ ይለውጠዋል። ዓይናቸውንና ጆሮአቸውንም አስመርምር። በአገራችን ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ዋነኛው የዓይን ሞራ ነው፤ እርሱም በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። ብዙ ሰው «አባቴ ዝምተኛ ሆኑ» ይላል። አባቱ ግን ዝምተኛ አልሆኑም፤ የሚባለውን ስለማይሰሙ ከመሳሳት ዝም ማለትን መርጠው ነው።

ሦስተኛው ነገር ሥራና ሥልጣን ነው። ሥራ ስልህ ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ማለቴ አይደለም። ግን የልጅ ጨዋታ እንዲመስል ተደርጎ የሚሰጥም ሥራ አይሁን፤ ሽማግሌ እንደ ሕፃን ሲታለል ያውቃል። እርሳቸው ባይሠሩት በእርግጥ የሚጎድል ሥራ ይሁን። የበርበሬው ነገር፣ የሽሮው ነገር፣ የቅቤው ማንጠር ለእናትህ ይሰጥ፤ ድንብላሉና ኮረሪማው ምን ያህል እንደሚገባ እርሳቸው ይዘዙ፤ አንተም «በዛ» አትበል። እንዝርትና ጥጥ ይምጣላቸው፤ የሚፈትሉት ፈትል ለማን ጋቢ እንደሚሆን ራሳቸው ይወስኑ። የቤቱ ቁልፍ አንዱ በእርሳቸው እጅ ይሁን። በመቀነታቸውም የራሳቸው የሆነ ጥቂት ብር አይታጣ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ደጅ ለተቸገረ የሚሰጠው ሳንቲም ከልጁ የሚለምን አባት በልቡ ራሱን ከለማኙ ጋራ ይቆጥራል።

አራተኛው ነገር ሰው ነው። ልጅ ምንም ያህል ደግ ቢሆን የእኩያን ቦታ ሊሞላ አይችልም። አንተ «በዚያ በክፉው ዘመን» ሲሉህ በመጽሐፍ ያነበብኸውን ታስባለህ፤ እኩያቸው ግን አብሮአቸው የራበውን ረሃብ ያስታውሳል። ስለዚህ እሑድ ጠዋት የሠፈርህን ዕድር ዳኛ ፈልግና በእናትህ ስም መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። ዕድር ለመቀበሪያ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ተሳስተዋል፤ ዕድርተኛ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሲታመም ይጠየቃል፣ ሲቀር ደግሞ «ምን ሆነው ነው?» ይባላል። «ምን ሆነው ነው?» የሚልህ ሰው መኖሩ ትልቅ ሀብት ነው። በሳምንት አንድ ቀን በቤትህ ቡና ይፈላና የሕንፃው ባልቴቶችና ሽማግሌዎች ይጠሩ፤ ጠሪዋም እናትህ ይሁኑ እንጂ አንተ አትሁን። አባትህ እስላም እንደሆኑ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ የሚያደርሳቸው ጎልማሳ ጎረቤት አይታጣም፤ ክርስቲያን እንደሆኑ ለቅዳሴ የሚደግፋቸው አንድ የሰንበት ተማሪ ታገኛለህ። መጠየቅህን እንጂ መከልከሉን አትፍራ።

አምስተኛው ነገር ባለቤትህ ናት። ወዳጃችን «ባለቤቴ ክፉ ቃል ተናግራቸው አታውቅም» ብሎ ጽፎአል። መልካም ነው። ግን «እኔ ለእናቴ በቀን ይህን ያህል ጊዜ ሰጠሁ» የሚል ቃል በደብዳቤው ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። እናቲቱ ያንተ ናቸው፤ ሚስትህ የሌሊትና የቀን ዘብ እንድትሆን አልተዋዋለችም። እግራቸውን ማጠብ፣ መድኃኒታቸውን መቁጠር፣ ሐኪም ቤት ተሰልፎ መቆም የወንድ ልጅም ሥራ ነው። አማትና ምራት ከሚጣሉባቸው ምክንያቶች ብዙው የሚመጣው በመካከላቸው መቆም የሚገባው ሰው በቢሮው ስለሚያመሽ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኀዘን ሁሉ በቡናና በወሬ አይድንም። አንድ ሽማግሌ ሰው ከሁለት ሳምንት ለሚበልጥ ጊዜ ምግብ ካስጠላው፣ እንቅልፍ ካጣ፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ ወይም «መኖሬ ለምን ይጠቅማል?» ማለት ካዘወተረ «እርጅና ነው» ብለህ አትለፈው። ይህ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ በሽማግሌም ላይ ቢሆን የሚታከም ሕመም ነው። የወዳጃችን እናት አብረዋቸው የኖሩትን ባል ቀብረው፣ ኀዘናቸውን ከሚያውቁት ለቀስተኞች ተለይተው ነው የመጡት። ስለዚህ ሐኪም ቤት ተመልሰው ይሂዱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስለ ደማቸውና ስለ ልባቸው ብቻ ሳይሆን ስለ መንፈሳቸውም ይጠየቁ። መልሱንም ልጅ አይንጠቃቸው፤ ራሳቸው ይናገሩ።

«ይህ ሁሉ ደመወዝ ላለው ነው፤ እኔ የምኖረው በዶርም ነው፤ ወይም አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይተን ነው» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። ነገር ግን ከላይ ከዘረዘርሁት ብዙው ገንዘብ አይጠይቅም። ወላጆችህ በገጠር ቢሆኑ በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት ደውል፤ ሰዓቱን የሚጠብቁት ስለሆነ ያ ጥሪ የሚያስደስታቸው ከመደወሉ በፊት ጀምሮ ነው። ስትደውልም «ደኅና ነዎት? ጤናዎት?» ብለህ አትዝጋው። ምክር ጠይቃቸው። «አለቃዬ ይህን አለኝ፤ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» በላቸው። የቢሮህን ነገር አያውቁት ይሆናል፤ ሰውን ግን ካንተ የበለጠ ያውቁታል።

ልጅም ዘመድም የሌላቸው አረጋውያን እንዳሉም አንርሳ። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ከጎዳና ያነሣቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ይጦራል። እንዲህ ያለውን ቤት «የተጣሉ ሰዎች ቦታ» እያልን በንቀት አናንሣው። ይልቁንም ሄደህ ከአንዱ ጋራ ተቀምጠህ አንድ ሰዓት አውራ። እዚያ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ሳሙናና ልብስ ይዞ ይሄዳል፤ ይህም ያስመሰግናል። ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ግን ጥቂት ነው።

አንተ እንደኔው የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ በየወሩ ከደመወዝህ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ መሥሪያ ቤትህም 11 በመቶ ይጨምርበታል። ስድሳ ዓመት ሲሞላህ ያ ገንዘብ እህልህን ይችላል። ገበሬው አባትህ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበራቸውም፤ የጡረታ መዝገባቸው አንተ ነህ። ሽማግሌዎች ሲመርቁን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። እኛ ግን በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ዘመን ረስተን ለመቅበሩ እንዘጋጃለን። ለለቅሶው ቀን ድንኳን ተከራይተን፣ ወንበር ደርድረን፣ መቶ ሰው እናበላለን። ያ ሁሉ ሰው ሟቹ በሕይወት ሳሉ በሳምንት አንድ ሰው እየሆነ ቢመጣ ኖሮ መቶ ሳምንት ይሞላ ነበር።

እንግዲህ አንተ ደብዳቤውን የጻፍህልኝ ወዳጄ፤ ዛሬ ማታ ወደ ቤትህ ስትገባ «ምን ጎደለብዎት?» ብለህ አትጠይቃቸው። ይህ ጥያቄ እርሳቸውን ተቀባይ፣ አንተን ሰጪ ያደርጋል። ይልቁንስ ከአጠገባቸው ተቀመጥና «የአባቴን ሙት ዓመት እንዴት ብናደርገው ይሻላል?» በላቸው። በአገራቸው ይሁን ወይስ በከተማ፣ ማን ይጠራ፣ ምን ይደገስ፣ እርሳቸው ይወስኑ። በአገራቸው ይሁን ካሉ ውሰዳቸው። ከዚያም «ልቆይ» ካሉ ይቆዩ፤ «እንመለስ» ካሉም ይመለሱ። የቱንም ቢመርጡ በዚያ ምሽት እንጀራውን ቆርሰው ይተዉት እንደሆነ፣ ወይም ይጨርሱት እንደሆነ ተመልከትና ጻፍልኝ። እጠብቃለሁ።